ደጉን ወር ስትጠብቅ

በአስጎብኚ ድርጅት ሃያ ዓመት የሠራችው ሴት፣ ተራራ መውጣት ለሚፈልግ ሁሉ «ዝናቡ እንዳባራ ሂዱ፤ ሰማዩ ጥርት፣ ሣሩ ለምለም ነው» ትል ነበር። በዚያ ወቅት ግን ቢሮው በደንበኛ ስለሚጨናነቅ ለእሷ ፈቃድ አይሰጣትም።

ባሏ በየክረምቱ «በዝናቡስ ብንሄድ? ጨው አይደለን አንሟሟ» ይላታል። «ጭጋግ ለማየት ነው የምንለፋው? ጡረታ ስወጣ በደጉ ወር እንሄዳለን» እያለች አቆየችው።

ጡረታ በወጣች ዓመት ባሏ ልቡን ታመመና ሐኪሙ ከፍታ ቦታ መውጣት ከለከለው። «አንቺ ሂጂና ትነግሪኛለሽ» አላት ባሏ።

ሄደች። ከተራራው አፋፍ አገሩ ሁሉ ወለል ብሎ ቢታያትም፣ አጠገቧ የምታሳየው ሰው አልነበረም። የአራት ቀኑን ጉዞ በሁለተኛው ቀን አቋርጣ ተመለሰች።

«ምነው፣ ደመና ነበር እንዴ?» አላት ባሏ፣ ሶፋው ላይ ቦታ እየለቀቀላት።

«አልነበረም። በዝናቡ መሄድ ነበረብን» አለችው።