የፈየራ ጥርጣሬና የአየር መለኪያዋ ቱቦ

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት አምቦ ውስጥ እንደ ፈየራ በሥራ ላይ ያዋለው ሰው የለም። አናጢ ነው፤ አልጋና ቁምሳጥን ሠርቶ፣ ቫርኒሽ ቀብቶ ይሸጣል። ዘመድ ሳይጠራ ከመጣ ይጠረጥራል፤ ደንበኛ ሳይከራከር ከገዛማ ይብስበታል። ከሁሉ አብልጦ የሚጠረጥረው ግን ጎረቤቱን ይገዙን ነበር፤ ባለ ጋራዡን።

ምክንያት አላጣም። ትንሿ ልጁ ቢሊሴ ክረምት በገባ ቁጥር ራሷን ያማታል፤ ያቅለሸልሻታል፣ ዓይኗም ይቀላል። ጤና ጣቢያ ወሰዷት፤ ብርድ ነው ተብሎ ሽሮፕ ተሰጣት። ፈየራ ግን የሚያምን ሰው አይደለም። «ብርድ ዓይን ያቀላል እንዴ? ይገዙ የመኪና ዕቃ በቤንዚን እያጠበ ልጄን እየጨረሰብኝ ነው!» ይላል። ልጁን ሲወዳት ለጉድ ነው፤ ስታለቅስ ከሰማ መጋዙን ጥሎ ይሮጣል።

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ሚስጥር የምትባል ወጣት ተመራማሪ መጥታ ሱቁ ፊት ለፊት ያለው የመብራት ምሰሶ ላይ ጣት የምታህል ቱቦ ሰቀለች።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» አላት።

«የአየር መለኪያ ናት፣ ኦቦ ፈየራ። የቤንዚን፣ የቀለም፣ የቫርኒሽ ትነት አየሩ ላይ ምን ያህል እንዳለ ትይዛለች። በጋውን ከክረምቱ እያወዳደርን ነው።»

«ጆሮስ የላትም?»

ሚስጥር ሳቀች። እሱ አልሳቀም፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ምሰሶው አጠገብ ሹማምንትን ማማት አቆመ።

የበጋው ውጤት ሲመጣ የእሱ ሠፈር ከተለኩት ቦታዎች ሁሉ በልጦ ተገኘ። ሚስጥር በትዕግሥት አስረዳችው፤ በጋ ሙቀቱ ትነቱን ያበረታዋል፣ የሠርግ ወቅት ስለሆነም አናጢው ሁሉ ደጅ ላይ ይቀባል፤ ክረምት ግን ዝናቡ ሲያጥበው ይቀንሳል። ፈየራ ከዚህ ሁሉ የሰማው «አናጢ» የሚለውን ብቻ ነው። «ነገ ከዚህ ተነሣ ሊሉኝ ነው» አለ በሆዱ። «ጥፋቱ የይገዙ፣ ቅጣቱ የእኔ!»

ስለዚህ ሐምሌ ላይ ሚስጥር ሁለተኛዋን ቱቦ ሰቅላ ከዓይን እንደራቀች መሰላል አቁሞ አወረዳት። ሽታ የማይደርስበት ቦታ ሲያስብ ከሱቁ ጀርባ ያለችው መኝታ ክፍል ታየችው፤ ሚስቱ ጊፍቲ በየቀኑ የምትወለውላት፣ ቢሊሴ የምትተኛባት ክፍል። ከልጅቷ አልጋ በላይ ምስማር መታና አንጠለጠላት።

«አባ ቢሊሴ፣ ማሎ፣ በፈጠረህ! ይኼ ምን የሚሉት ነው?» አለች ጊፍቲ።

«ዝም በይ። ቱቦዋ ንጹሕ አየር ትጠጣ።»

ክረምት ቫርኒሽ ደጅ አይደርቅም። አናጢ ሁሉ እንደሚያደርገው ፈየራም የቀባውን የቁምሳጥን በርና የአልጋ ራስጌ ወደ ቤት አስገብቶ፣ እርጥበት እንዳይነካው መስኮት ዘግቶ፣ እዚያችው ክፍል ግድግዳ ላይ አስደግፎ ያሳድራል። ሽታው አይሰማውም፤ አፍንጫው ቫርኒሽ ማሽተት ከተወ ቆይቷል። ሚስጥር ቱቦዋን ልትወስድ የምትመጣበት ቀን ሲደርስ ቀድሞ ወደ ምሰሶው መለሳት።

ነሐሴ ላይ በካፊያ ውስጥ ወረቀት ይዛ መጣች። ፊቷ ግራ ተጋብቷል።

«ከተማው በሙሉ ቀንሷል፣ ኦቦ ፈየራ። የእርስዎ ምሰሶ ብቻ ከበጋውም እጥፍ ሆነ። ጋራዡ ሳይሆን አይቀርም፤ እንዲመረመር ለማዘጋጃ ቤት ልጽፍ ነው።»

የፈየራ ልብ በደስታ ዘለለች። ይገዙ በመጨረሻ እጁ ገባለት! ዝም ቢል በቂ ነበር።

«የሚያሳስበኝ» አለች ሚስጥር፣ «እዚህ አካባቢ ሕፃናት ይኖሩ ይሆናል። እንዲህ ያለ አየር ውስጥ የዋለ ሕፃን ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ዓይኑ ይቀላል። እየቆየ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው።»

ፈየራ ወደ ይገዙ ጋራዥ አየ፤ ወደ ምሰሶው አየ፤ የሚጠረጥረው ሰው አጣ።

«ምሰሶው ላይ አልነበረችም፣ እህቴ» አለ።

«የት ነበረች ታዲያ?»

«ልጄ ራስጌ።»

ሚስጥር ወረቀቷን አወረደች። «ልጅቷ አሁን የት ናት?»

ፈየራ ወደ ጓሮ ዞረ። ጊፍቲ ቢሊሴን አስተኝታ፣ ዝናቡ እንዳይገባባት በሩን ጥርቅም አድርጋ ዘግታ ስትወጣ አያት።