ቦቲዬን የዘራሁበት በልግ

ደሴ ዙሪያ ጀማሪ የግብርና ሠራተኛ ሳለሁ፣ የበልጉ ዝናብ ሦስት ቀን ሙሉ ጥሎ ባባራ ማግስት ገበሬውን «ገብስ ዝሩ!» እያልኩ አጣደፍኩ። ከቢሮ የተሰጠኝ እቅድ ቀኑ ዛሬ ነው ይላላ!

አንድ አዛውንት ግን ከማሳቸው አፈር ዘግነው ጨመቁና መዳፋቸውን ዘረጉ። አፈሩ እንደ ሊጥ ተለጥፎ ቀረ።

«ገና አልጠነፈፈም ልጄ፤ በሬዎቹ ይሰምጣሉ» አሉኝ።

«አባባ፣ እርስዎ ደግሞ ያበዙታል!» ብዬ፣ መሬቱ እንደሚያስኬድ ላሳያቸው ማሳው ውስጥ ዘው አልኩ። አምስት እርምጃ እንኳ ሳልሄድ እግሬ ብቻውን ወጣ፤ ቦቲዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ።

በአንድ እግሬ ቆሜ ስንገዳገድ፣ አዛውንቱ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

«በል እንግዲህ፣ ዘር ተጀምሯል ብለህ ለቢሮህ ጻፍ» አሉኝ። «ወላሂ አልዋሸህም።»