ድንጋይ ላይ የቀረው ኖራ

ትእዛዙ አዳማ ሳለን ደረሰን። የመሐንዲስ ሻምበላችን ከቆቃ ወዲያ ወዳለው የጦር ማሰልጠኛ የሚወስደውን መንገድ ከክረምቱ በፊት ሠርቶ እንዲያስረክብ ነበር። ጎህ ሲቀድ ተነሳን። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ለአፈር ምርመራ ወደ ጦሩ ከተመደብኩ ዓመት አልሞላኝም። ከሻምበሉ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ብዙ ስለማልናገርና ከአፈር ስለማልለይ «ጓድ አፈር» አሉኝ።

ጦር ሜዳ ሲባል ለእናንተ ተኩስ ብቻ ይመስላችሁ ይሆናል። እኛ ላይ ጥይት አልተተኮሰም። ጠላታችን መረሬ ነበር። ይህ ጥቁር አፈር በበጋ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ ዝናብ ሲጠጣ አብጦ ይላቁጣል። ላዩን ገረጋንቲ ጠጠር ቢያለብሱትም ከሥር ይከዳል። መድኃኒቱ ኖራ ነው። ከአፈሩ ጋር ቀላቅሎ፣ ውሃ አጠጥቶ፣ አሳድሮ በዳምጠው መኪና መጠቅጠቅ።

ሠራን። ግሬደሩ አፈሩን ገለበጠ። ኖራ በተንን። ዓይናችን ቀላ፣ ከንፈራችን ተሰነጠቀ። ዳምጠውን የሚነዳው አስር አለቃ ቱሉ የቡልቡላ ሰው ነበር። ማለዳ ማለዳ ይቀልድብኛል።

«ኢንታላ ኮ፣» ይለኛል፣ ልጄ ማለቱ ነው፣ «አፈሩ ዛሬ ምን አለሽ?»

አፈሩን በመዳፌ አሽከረክረዋለሁ። ኖራ የጠገበው ይፈረፈራል። ያልጠገበው ሳይበጠስ እንደ ክር ይቀጥናል።

«በቃኝ ብሏል» እለዋለሁ። ያኔ ሞተሩን ያስነሳል።

ከማሰልጠኛው በር ፊት ያለው ረግረግ ብቻ ሲቀረን፣ ትልቅ ባለሥልጣን ሊጎበኘን ነው ተባለ። የሻምበላችን አዛዥ የተረፈውን ኖራ በበርሜል አስበጠበጠ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ድንጋይ አስደርድሮ «ቀቡ!» አለ። የዛፎቹ ግንድ ሳይቀር ተቀባ።

ቀርቤ ሰላምታ ሰጠሁ።

«ጓድ አዛዥ፣ ያ ረግረግ ያለ ኖራ ከተደለደለ በክረምት መኪና አይሸከምም። ሰው ይጎዳል።»

«መሬት ውስጥ የተቀበረ ኖራ ማን ያየዋል?»

ወታደሮቹ ሳቁ። ቱሉ አልሳቀም።

«እኔ እዚያ ላይ አልነዳም» አለ።

«ትነዳለህ! ትእዛዝ ነው።»

ነዳ። ገረጋንቲ አለበስነው። ጎብኚው መጣ። አጨበጨብን። «የሚያበራ መንገድ!» ብሎ ሄደ።

ሐምሌ ላይ ምልምሎች ወደ ሰሜን ሊዘምቱ ካሚዮን ላይ ተጫኑ። ቱሉ መለዋወጫ ሊያመጣ እስከ አዳማ ድረስ ከነሱ ጋር ተሳፈረ። ሲዘንብ ሰንብቷል። ረፋድ ላይ፣ ከበሩ እንኳ ሳይርቁ፣ መንገዱ በአንድ ወገን ሰመጠ። ካሚዮኑ ተገልብጦ ውሃ የሞላው ቦይ ውስጥ ወደቀ። ሮጥን። በእጃችን ቆፈርን።

ቱሉን በሕይወት አወጣነው። እግሩ ተሰብሯል። ከተቀቡት ድንጋዮች አንዱን ተደግፎ ተቀመጠ። እኔ ከጎማው ሥር አፈር ቆንጥሬ በመዳፌ ሳሽከረክር ሲያይ ጠየቀኝ። መቀለዱ አልነበረም።

«ኢንታላ ኮ፣ አፈሩ ምን አለሽ?»

መዳፌን ዘርግቼ ክሩን አሳየሁት። አልተበጠሰም ነበር።

ስድስት ምልምሎች ሞቱ። ግንባር አልደረሱምና በጦር ሜዳ ከወደቁት ጋር አልተቆጠሩም። ጥፋቱ የሾፌሩና የዝናቡ ነው ተባለ። እኔ ግን የጦር ሜዳ ሙት ስቆጥር ከእነሱ እጀምራለሁ።

በቀበርናቸው ማግሥት ሌላ ትእዛዝ መጣ፤ ጭቃ የነካቸው ድንጋዮች እንደገና ይቀቡ የሚል። ከመጋዘን በርከት ያለ ከረጢት ወጣ።

ለካ ያኔም መጋዘን ውስጥ ኖራ ነበር።