በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሒሳብ

ቶሮንቶ የገባሁት ዘጠነኛ ክፍል ተጀምሮ፣ በዊንተሩ መሃል ነው። እናቴ ቀድማኝ መጥታ ኢቶቢኮ፣ ኤርፖርቱ አካባቢ ያለ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ትሠራ ነበር። አዲስ አበባ አክስቴ ጋ ሆኜ ስማር ደረጃ ከሚወጡት ልጆች አንዷ ነበርኩ። ጄን ኤንድ ፊንች በሚባለው ሰፈር በገባሁበት ትምህርት ቤት ግን አፌ ተያዘ። አስተማሪዎቹ የሚሉት ይሰማኛል፤ እኔ አንዱን ቃል ፈትቼ ሳልጨርስ እነሱ ሌላ ነገር ላይ ደርሰዋል። እጄን ባወጣ ክፍሉ በሙሉ ዞሮ የሚያየኝ ስለሚመስለኝ አላወጣም። ዘጠነኛን እንደምንም ተንጠልጥዬ አለፍኩ። አሥረኛ ላይ ሒሳብ ወደቅሁ። ሒሳብ! አገር ቤት ሌሎችን የማስጠናው ትምህርት።

ትምህርት ቤቱ እናቴን አስጠራት። የተማሪዎች አማካሪዋ አማርኛ አታውቅም፣ እናቴ እንግሊዝኛ አይሆንላትም። ስለዚህ የራሴን መውደቅ ለእናቴ የማስተረጉመው እኔው ሆንኩ።

«ዩኒቨርሲቲ ሊከብድሽ ይችላል፣ ኮሌጅ ብታስቢ ይሻላል እያለች ነው» አልኳት።

የእናቴ ፊት በራ። «ተመስገን ነዋ! ኮሌጅ ከገባሽ ምን ጎደለ?»

«እማዬ፣ እዚህ ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ አንድ አይደሉም። ኢንጂነር ለመሆን ዩኒቨርሲቲ መግባት አለብኝ።»

ቦርሳዋን ከአንዱ ጭኗ ወደ ሌላው አዛወረችና፣ «ይሄ ውጤት እስከ መጨረሻው ይከተልሽ እንደሆነ ጠይቂልኝ» አለችኝ።

አንገቴን ደፍቼ ጠየቅኩ። አማካሪዋ ወንበሯን ወደ እኛ ሳብ አደረገች። ዩኒቨርሲቲዎቹ በዋናነት የሚያዩት የአሥራ ሁለተኛን ውጤት ነው፤ የወደቅሽውንም ሰመር ላይ፣ ትምህርት ሲዘጋ ደግመሽ መውሰድ ትችያለሽ አለችኝ። ይህን እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም አልነገረኝም ነበር። «ግን ብዙ ሥራ አለው» ብላ ጨመረች።

ስተረጉምላት እናቴ፣ «ሥራማ ለምደነዋል በያት» አለች። አልኳት። ሴትየዋ ሳቀችና መዘገበችኝ።

ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ከወሎ የመጡ ሙስሊም ቤተሰብ ይኖራሉ፤ ትልቋ ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። እናቴ የልጅቷን እናት ሊፍት ውስጥ አግኝታ፣ «ልጅዎ ትንሽ ብታግዝልኝ?» ብትላቸው፣ «ምን ችግር አለው፣ ዛሬውኑ ትምጣ» አሏት።

ልጅቷ እዚሁ የተወለደች ናት፤ አማርኛዋ ስብርብር ያለ ነው። የመጀመሪያው ቀን ረዥም ጥያቄ ሰጠችኝ። ሁለት ሦስቴ አንብቤ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ትንሽ አየችኝና ያንኑ ጥያቄ ቃላቱን አውጥታ ቁጥሩን ብቻ ጻፈችልኝ። ወዲያው ሠራሁት።

ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች። «አንቺ ማዝ ያውቃል!»

«ታውቂያለሽ ነው የሚባለው» አልኳት፣ ሁለታችንም ሳቅን። ካናዳ ከመጣሁ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

ያቃተኝ ሒሳቡ ሳይሆን የተጻፈበት ቋንቋ ነበር። «ቢያንስ» እና «ቢበዛ» የሚሉትን የእንግሊዝኛ አባባሎች እንኳ አንዱን በሌላው እያቀያየርኩ ነበር የማነባቸው። ክፍል ውስጥ ዝም ብላ ከኋላ የምትቀመጠውን ያቺን ልጅ፣ ያኔ የነበርኩትን እኔን፣ ሳስባት አሁንም ታሳዝነኛለች። ሰነፍ ነኝ ብላ አምና ነበር።

ሰመሩን ሙሉ ጠዋት ክፍል፣ ከሰዓት እነሱ ቤት ሆነ። ዓርብ ለጁምዓ ሲሄዱ ቤታችን ወርጄ ብቻዬን እሠራለሁ፣ ስትመለስ ታርምልኛለች። እናቷ ሳንቡሳ አቅርበው፣ «ብዪ እንጂ ልጄ፣ ፊትሽ እኮ ገረጣ» ይሉኛል። ፈተናው ሲመጣ በጥሩ ውጤት አለፍኩ።

አሥራ አንደኛ ክፍል ፊዚክስ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ እጄን አወጣሁ። የአንድ ቃል ትርጉም ጠየቅኩ። አስተማሪው ሲያስረዳ ከኋላዬ አንዱ፣ «እኔም አላወቅኩትም ነበር» አለ። ከዚያ በኋላ መጠየቅ አላቆምኩም።

አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ አጥብቄ የፈለግኩት ዩኒቨርሲቲ አልተቀበለኝም። ባስ ውስጥ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስኩ። ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ሌላ ያመለከትኩበት ዩኒቨርሲቲ መልስ ሰጠኝ። እናቴ እረፍት የምትወጣበትን ሰዓት ጠብቄ ኮል አደረግኩላት።

«እማዬ፣ ገባሁ!»

«የት ገባሽ?» አለች ደንግጣ።

«ዩኒቨርሲቲ! ኢንጂነሪንግ!»

መጀመሪያ የዕቃ ማንሻውን የፎርክሊፍት ጩኸት ብቻ ሰማሁ። ቀጥሎ እናቴ ዌርሃውሱ ሁሉ እስኪሰማ፣ በአማርኛ፣ «ልጄ ገባች! ልጄ ገባችልኝ!» እያለች ጮኸች። እዚያ አማርኛ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። የሥራ ባልደረቦቿ ሲያጨበጭቡላት ግን በስልኩ ሰማሁ።