ድሮኗን ሳውና ያስገባት ታውኖ

ከኛ አገር ወንዶች አፍ ምላሳቸውን ቢጎትቱት የማይወጡ ሁለት ቃላት አሉ። አንዱ «በረደኝ» ነው፤ ሌላው «እወድሻለሁ»። በዚህ በኩል ደግሞ ጎረቤቴን ታውኖን የሚያህል በሰሜን ፊንላንድ፣ በላፕላንድ ምድር አልተወለደም።

ታውኖ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ነበር። ጠዋት «ግቡ» ይላል፤ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲደርስ «ውረዱ» ይላል። በዚያ ሁሉ ዘመን ሦስተኛ ቃል አስፈልጎት አያውቅም። አንድ ልጁ ሄይኒም በዚያው አውቶቡስ ነው የተማረችው፤ ለሷም ያው «ግቡ» እና «ውረዱ» ነበር፤ ልጄ ናት ብሎ እንኳ «ግቢ» አላላትም።

ጡረታ ሲወጣ የሥራ ባልደረቦቹ የካሜራ ድሮን ሰጡት። መንደሩ ወዲያው «የታውኖ ትንኝ» አላት። የበጋው ትንኝ አልበቃን ብሎ የክረምት መጣብን ማለታችን ነው። ታውኖ ግን አልተቀየመም፤ እሱም ትንኟ ይላት ጀመር።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። ታውኖ ጠመጠመ። የአጠቃቀም መመሪያውን ገልጦ አንድ መስመር አነበበና ምድጃው አጠገብ ካለው የማገዶ ክምር ላይ ወረወረው።

«ከዜሮ በታች አሥር ካለፈ አታብርሩ ይላል!» አለኝ፣ እናቱን የሰደቡበት ያህል ተቆጥቶ። «ይሄን የጻፈው ሰው ብርድን በፎቶ ነው የሚያውቀው። አሥር እኮ ለእኛ ጃኬት የምናወልቅበት ነው።»

ሚስቱ ራይሊ መመሪያውን ከማገዶው ላይ አንስታ አቧራውን አራገፈችና ማታ ማታ ጮክ ብላ ታነብለት ጀመር። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። «ግድግዳው በደንብ ገብቶታል፣» ትለኝ ነበር ራይሊ።

ታዲያ ሄይኒ ከሄልሲንኪ ስልክ ደወለች። በመጋቢት ላገባ ነው፤ ሥርዓቱም በረዶ በሆነው ሐይቃችን ላይ ይሆናል፤ ግብዣው ላይ ደግሞ እንደ ደንቡ አባቴ ንግግር ያደርጋል አለች። ታውኖ «ንግግር» የሚለውን ሲሰማ ስልኩን ለራይሊ አቀብሎ እንጨት ሊፈልጥ ወጣ። ከዚያ በኋላ መልሱ አንድ ሆነ፦ «እኔ ከላይ እቀርጻለሁ። ሰው ሥራ ላይ ሆኖ እንዴት ይናገራል?»

ሄይኒ ለሠርጉ ስትመጣ መጀመሪያ ወደ እኔ ነው የገባችው።

«ሲርካ፣ ፊልም ከየትም አገኛለሁ» አለችኝ። «ከሱ የምፈልገው አንድ ቃል ነው፤ ስለ እኔ አንድ ቃል። በሠርጌ ካልተናገረ መቼም አይናገርም።»

ምን ልበላት? ልጅቷ እውነቷን ነው።

የሠርጉ ዕለት ከዜሮ በታች ሃያ ሰባት ሆኖ ነጋ። ባልዲ ልዋስ ብዬ ወደ ታውኖ የእንፋሎት ቤት፣ ወደ ሳውናው፣ ብቅ ስል፣ ሰውዬው ፎጣ አገልድሞ የጋለው ድንጋይ ላይ ውሃ ያፈሳል። ከታችኛው አግዳሚ፣ ሕፃናት ከሚቀመጡበት ቦታ ላይ፣ ትንኟ ከነባትሪዎቿ ተደርድራለች።

«አንተ ሰው፣ ምን እያደረግክ ነው?»

«እያሞቅኋት ነዋ! ባትሪ ቀዝቅዞ አይበርም ብላ ራይሊ ስትጮህ አልነበር?»

«ባትሪውን በደረት ኪስህ ያዝ አለችህ እንጂ እጠባት አለችህ?»

«እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ ከእንፋሎት ወጥቼ በረዶ ላይ ስንከባለል ምን ሆንኩ?»

«አንተ ሞተር የለህም።»

«በሩን ዝጊው፤ ሙቀቱ ይወጣል» አለኝ። የሚያውቀው ሁሉ ለሰውም ለዕቃም መድኃኒት ይመስለዋል፤ የዚህ ዓይነት ሰው ደግሞ በምክር አይመለስም። ባልዲውን ይዤ ሄድኩ።

ሐይቁ ላይ ተሰበሰብን። የሙሽራው የኦትሶ ዘመዶች፣ የደቡብ ሰዎች፣ እንደ ጫጩት ተቃቅፈው ይንቀጠቀጣሉ። የኛዎቹ ወንዶች ጆሯቸው ቲማቲም መስሎ ሳለ ኮሌታቸውን ከፍተው ቆመዋል። ሄይኒ አጋዘን በሚስበው ተንሸራታች ደረሰች፤ ቄሱም መጽሐፋቸውን ገለጡ።

ታውኖ ገና ጠል ያልደረቀላትን ትንኝ ከሳጥን አወጣና እንደ ርችት ወደ ሰማይ ለቀቃት። ዝቅ ብላ ትቆይ፣ ትፍታታ የለ። በመቆጣጠሪያው መስታወት ላይ ሠርጉ ለአፍታ ታየ፤ ከዚያ ወተት የተደፋበት መሰለ። ሌንሷ ላይ የነበረው እንፋሎት በረዶ ሆኗል። ክንፎቿም በረዶ ለበሱና እንደ ወባ በሽተኛ መንዘፍዘፍ ጀመረች።

«ባትሪዋ ሙሉ ነው» አለ ታውኖ፤ ገና ሳይጨርሰው ሞተሩ ጸጥ አለ።

ከሙሽራው እናት አንድ እርምጃ ራቅ ብላ በረዶው ውስጥ ተሰካች። ሴትየዋ ጩኸታቸውን አቀለጡት። ራሳቸው ላይ ብታርፍ ሠርጉ ለቅሶ ይሆን ነበር። ከኛ ወገን የተናገረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም «ወደቀች» አለ።

እንግዲህ ማመካኛ አለቀ። የመንደሩ አዳራሽ ገብተን የሳልሞን ሾርባው እንደተነሳ፣ ራይሊ ባሏን በክርኗ ጎሸም አደረገችው። ታውኖ ተነሣ። መቆጣጠሪያው አሁንም እጁ ላይ ነው። ሄይኒ ወንበሯን ወደሱ አዞረች።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ታውኖ፣ ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ኦትሶን እያየ። «ከሙቀት አውጥቼ ወዲያው ብርድ ላይ ለቀቅኋት። እንደሱ አይደለም። የሰውነትህ ሙቀት ይበቃታል፤ ደረትህ ላይ ያዛት።»

አዳራሹ ሁሉ ዞሮ ሄይኒን አየ።

«ስትነሣ ወደ ላይ አትገፍትራት። ዝቅ ብላ ትቆይ፣ ትፍታታ። ጉልበት አለኝ ስትልህም አትመን። ሙሉ ነኝ፣ ሙሉ ነኝ እያለች በድንገት ባዶ ትሆናለች፤ ብርድ እንዲህ ያደርጋል። ስለዚህ ግማሽ ላይ ሳለች ቤቷ መልሳት። ከዓይንህ አታርቃት። ከብርድ ስትገባ ደግሞ ሸፍነህ ቀስ በቀስ አሙቃት፤ አለዚያ ውስጧ ያለቅሳል።»

የኦትሶ እናት፣ ቅድም ከሞት የተረፉት ሴትዮ፣ መሐረብ አወጡ። ኦትሶ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ራሱን ይነቀንቃል። ቄሱም ራሳቸውን እየነቀነቁ ወደ እኔ ጠጋ ብለው «እኔ በስንት ዘመን ስብከቴ እንዲህ ብዬ አላውቅም» አሉኝ። ራይሊ ፊቷን በእጇ ሸፍና ትከሻዋ ይርገፈገፋል፤ ሰው ለቅሶ መሰለው። ያ ሁሉ ግድግዳው የሰማው መመሪያ ነበር።

«መለዋወጫም» አለ ታውኖ ሊቀመጥ ሲል፣ «ሁልጊዜ ሁለት መለዋወጫ ኪስህ ውስጥ ይኑርህ።»

የቄሱ ራስ መነቅነቁን አቆመ።

ጭብጨባው ሲበርድ ሄይኒ ቀሚሷን ሰብስባ መጥታ አጠገባችን ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ያ ሁሉ ስለ እኔ ነው ወይስ ስለ ትንኟ?»

ታውኖ ብዙ ነገር ይጎድለዋል፤ መዋሸት ግን አያውቅበትም። «ስለ ትንኟ» አለ።

የልጅቷ ፊት ሲጨልም አየሁ። ንድድ ብሎኝ የሾርባ ጭልፋ ፈለግኩ፤ አናቱን ልለው።

«ስለ አንቺ ምን እላለሁ?» አለ ቀስ ብሎ። «አላውቅሽም እኮ። ከኋላዬ ተቀምጠሽ ነው ያደግሽው። እኔ መንገዱን ነበር የማየው።»

«አሁን እየነዳህ አይደለም» አለችው ሄይኒ። «ጠይቀኝ።»

ታውኖ ግራ ገባው። መቆጣጠሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ አገጩን አሸ። «በየገናው አጭሼ የምልክልሽ ዓሣ... ይጣፍጥሻል?»

«ዓሣ አልወድም፣ አባዬ። ከልጅነቴ ጀምሮ አልወድም። የላክኸውን ሁሉ የጎረቤቴ ድመት ነው የሚበላው።»

ራይሊ ሳቋን ዋጠችው። ሰውየው በየክረምቱ ለዚያ ዓሣ የሐይቁን በረዶ ሰርስሮ ቀዳዳው ላይ ሲያጎነብስ የሚውለውን ሁላችንም እናውቃለን። ፊቱን ማየት ከበደኝ።

«ድመቱ ወዶታል?»

«በጣም።»

«ደህና።» ጥቂት አሰበና ወንበሩን ወደ ልጁ አስጠጋ። «አንቺስ ምንድን ነው የምትወጂው?»

ሄይኒ የትኛውን እንደምታስቀድም በጣቷ ትቆጥር ጀመር። ታውኖም እስክትናገር ድረስ ዓይኑን ከሷ ላይ ሳይነቅል ጠበቃት።