አባቴ ሽማግሌ ይዞ ቢሮ የመጣ ዕለት

ጅማ፣ አንድ የመንግሥት ቡና መጋዘን የተቀጠርኩት በተላላኪነት ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ ብዬ ከዚያ የተሻለ ብመኝም፣ በደርግ ዘመን የቡን ከመሰለች ትንሽ የገጠር ከተማ ለመጣ ልጅ ሥራ ማግኘት ራሱ ትልቅ ነገር ነበር። ብዙም ሳልቆይ ሚዛን ላይ የሚሠራው ሰው ለብሔራዊ ውትድርና ተጠራና «ለጊዜው አንተ ያዘው» ተባልኩ። ጊዜው አላልቅ አለ። ከየገበሬ ማኅበሩ የሚመጣውን ጆንያ እመዝናለሁ፣ እመዘግባለሁ፣ ሲጎድልም የምጠየቀው እኔ ነኝ፤ በወር መጨረሻ ግን የምቀበለው ያችኑ የተላላኪ ሃምሳ ብር ነው። ከሷም ላይ መዋጮ ይቆረጣል። ሻይ እያመላለስኩ ብውል ይሻለኝ ነበር።

ሥራ አስኪያጁን ደጋግሜ ጠየቅኩት። ክፉ ሰው አልነበረም። «ልክ ነህ፣ ታገስ» ይለኛል። ታገስኩ፤ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነ። ለራሴ ብቻ ቢሆን ችዬው እኖር ነበር። ያስጨነቀኝ የታናሽ እህቴ ነገር ነው። የቡ ስድስተኛ ክፍልን ጨርሳ፣ ሰባተኛን ጅማ እኔ ዘንድ ሆና እንድትማር ተነጋግረን ነበር። የሊሙ ገነት ሰዎች ሽማግሌ ልከው ለጋብቻ ሲጠይቋት፣ አባቴ «ትንሽ ቆዩ» ብሎ የመለሳቸው በእኔ ተማምኖ ነው። እኔ ደግሞ ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር በተከራየኋት አንዲት ክፍል ተቀምጬ «ደሞዝ ይጨመርልኝና እወስዳታለሁ» እላለሁ።

አንድ ቅዳሜ የቡ ወርጄ ነገሩን ለአባቴ ነገርኩት።

«ማነው የጠየቀልህ?» አለኝ።

«እኔው ራሴ።»

ራሱን ነቀነቀ። «ለራሱ የሚለምን አባት የሌለው ልጅ ነው። ጃርሳ፣ ሽማግሌ ሳይላክ ምን ይገኛል?»

እኛ አገር ሚስትም፣ መሬትም፣ ይቅርታም የሚጠየቀው በሽማግሌ ነው፤ ሽማግሌም ባዶ እጁን አይሄድም። የመንግሥት ደሞዝ እንደዚያ እንደማይሆን ላስረዳው ሞከርኩ። «ሥራ አስኪያጁስ የሰው ልጅ አይደለም?» ሲለኝ «እሱማ ነው» አልኩት። ይህችኑ እንደ እሺታ ቆጠራት።

በሐሙስ ገበያ መጣ። ያችን አንድ ኮቱን ለብሶ፣ ነጭ ኮፍያውን አድርጎ፣ ሁለት የሰፈራችንን ሽማግሌዎች ይዞ፣ በቅል ማር አንጠልጥሎ። ሚዛኑ ጋ ሆኜ ሳየው ደነገጥኩ፤ ደስም አለኝ። ኮቱን የለበሰው ለእኔ ብሎ ነው። ሥራዬን ጥዬ ስሮጥ እነሱ ቢሮ ገብተዋል።

ያን ዕለት ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ አንድ ካድሬ ተቀምጧል። ሽማግሌዎቹ መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ቢሮውን መረቁ፣ ሥራ አስኪያጁን መረቁ፣ ካድሬውንም ማንነቱን ሳያውቁ መረቁ። ከዚያ አባቴ ቅሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሥራ አስኪያጁ ማሩን አየ፣ ካድሬውን አየ፣ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ምንድን ነው ይሄ? እኔ የማውቀው ነገር የለም!» ብሎ ጮኸ።

ካድሬው ሠራተኛው ሁሉ ይሰብሰብ አለ። ቡና የሚለቅሙት ሴቶች ሳይቀሩ ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። ጠረጴዛው ከነቅሉ ወጣ፤ አባቴን አጠገቡ አቆሙት። ከሽማግሌዎቹ ጋር በኦሮምኛ ሲነጋገር ስለሰሙት እኔ እንዳስተረጉም ታዘዝኩ።

«ጉቦ ይዘህ የመጣኸው ማን ልኮህ ነው በለው!» አለኝ ካድሬው።

ልጁ የሚሆን ሰው አባቴን «አንተ» አለው። ወደ አባቴ ዞሬ በኦሮምኛ፣ በአክብሮት፣ ስጦታውን ለምን እንዳመጡ ቢያስረዱን ይላሉ አልኩት።

«ማሎ፣ እባክህ ልጄ፣» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ሰውየው ያለውን ሰምቻለሁ።»

ዕድሜውን ሙሉ ቡናውን ለነጋዴ በአማርኛ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው፤ በድንጋጤ ረስቼዋለሁ። ከዚያ ወደ ካድሬው ዞሮ በአማርኛ ተናገረ። «ወላሂ ጉቦ አይደለም፣ ጌታዬ። ልጄ ገና ልጅ ነው፤ ይታሰብለት ብዬ ነው።»

አባቴ ሰውን «ጌታዬ» ሲል ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ።

ለእኔ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ የደሞዝ ነገር ሁለተኛ እንዳላነሳ ተነገረኝ። ጭብጨባ ተባለና ተጨበጨበ። ዘበኛው እየነዳ ሲያስወጣቸው ልከተል ብል፣ አባቴ «ሥራህን ያዝ» ብሎ መለሰኝ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግሥቱ ሥራ አስኪያጁ ሚዛኑ ጋ መጥቶ፣ ግራ ቀኙን ተመልክቶ፣ «አባትህን ይቅርታ በልልኝ፤ እኔም ልጆች አሉኝ» አለኝ። አልነገርኩለትም። ይቅርታ ከፈለገ እሱም ሽማግሌ ይላክ አልኩ በሆዴ። ግን ፍርሃቱ ገብቶኛል፤ እኔም ያው ማስጠንቀቂያዬን ተቀብዬ ጆንያዬን መመዘን ቀጥያለሁ።

አባቴ ከዚያ ወዲያ ጅማ ገበያ አልወጣም። ቡናውን ጎረቤት ነበር የሚሸጥለት። ለሊሙ ሰዎችም በዚያው ሳምንት እሺ አላቸው። እኔን አልጠየቀኝም፤ ምን ብሎ ይጠይቀኛል?

ኒካው የታሰረ ዕለት እህቴን ጓዳ ውስጥ ብቻዋን አገኘኋት። አዲስ ሻሽ አስረውላታል፣ እጇን ሂና ቀብተዋታል። እሷ አላለቀሰችም፤ ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

«ጭማሪውን ቢሰጡህ የእውነት ትወስደኝ ነበር?» አለችኝ።

«ወላሂ እወስድሽ ነበር።»

ሂና የተቀባ እጇን አየች።

«በሃምሳውስ ለምን አልወሰድከኝም? እኔ እንደሆንኩ ብዙ አልበላም» አለችኝ።

ከውጭ የሊሙ ሰዎች መኪና መጣ ብለው ጠሯት። ሻሿን አስተካክላ ወጣች።