በጀብሪል በኩል

ጋሽ ፍቅረ ማርያም ኩዌት፣ ራይ የሚባል ሰፈር ውስጥ ያለ የአየር ማቀዝቀዣ መጋዘን ጠባቂ ናቸው። ሰባት ዓመት ሆናቸው። የጭነት ሾፌሮች በዓረብኛ «ያ ሓሪስ!»፣ «አንተ ዘበኛ!» ብለው ይጠሯቸዋል፤ እሳቸው በሩን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፣ አለቀ። ስማቸውን የሚጠራ ሰው ሳይሰሙ ቅዳሜ ይገባል፣ ሐሙስ ይወጣል። ይህን የምለው ሌላውን ለማማት አይደለም፤ እኔም ሾፌር ነኝ፣ እኔም ሦስት ወር ሙሉ ሓሪስ እያልኩ ጠርቻቸዋለሁ። ያሳፍራል።

ዓርብ ግን ሌላ ሰው ናቸው። ሐዋሊ በሚባለው ሰፈር አንድ የትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ የስደተኛ ቡድኖች ቅርጫት ኳስ ይጋጠማሉ። እኔ ሰዓት እይዛለሁ፤ እሳቸው ኮምቦልቻ እያሉ የትምህርት ቤቶች ዳኛ ስለነበሩ ጨዋታውን ይመራሉ። ሁለተኛው ዳኛ ጀብሪል ይባላል፤ ሆስፒታል የሚያጸዳ፣ ከአቡ ሐሊፋ በአውቶቡስ የሚመጣ ዝምተኛ ሱዳናዊ ነው። አንዱ ቅርጫቱ ሥር ሲቆም ሌላው ከኋላ መሐል ሜዳ አካባቢ ይቀራል። ሜዳውን ተካፍለውታል፤ ኳሱ በባልደረባህ በኩል ከሆነ አንተ ኳሱን አታይም፣ ኳስ ያልያዙትን ነው የምትጠብቀው። ደግሞ ኳስ ለተጫዋች ከመስጠታቸው በፊት ሁልጊዜ ዓይን ለዓይን ይተያያሉ። ዝግጁ ነህ? ዝግጁ ነኝ።

«በሳምንት ውስጥ ሰው ፊቴን የሚያየው ያኔ ብቻ ነው» አሉኝ አንድ ቀን። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ታዲያ ይህን ነገር በገዛ እጃቸው አበላሹት። ባለፈው ወር ጀብሪል ቅርጫቱ ሥር ቆሞ ሁለት ተጫዋቾች ፊቱ ተጋጩ። ጥፋት የለም ብሎ ዝም አለ። ጋሽ ፍቅረ ማርያም ከዚያ ከመሐል ሜዳ ፊሽካቸውን ነፉ። አዳራሹ «ሁለት ዳኛ፣ ሁለት ፍርድ!» እያለ ሳቀ። አፍንጫህ ሥር ያለውን አላየህም ብሎ በሰው ፊት ከመናገር ምን ልዩነት አለው? ጀብሪል አልተከራከረም። ከዚያ በኋላ ግን ኳስ በሰጠ ቁጥር መሬት መሬት ያይ ነበር። ሲያልቅም ሳይሰናበት ሄደ።

ወደ ራይ ስመልሳቸው ተናድጄ «ምን ነካዎት?» አልኳቸው።

«አንገት የተሠራው አዙሮ ለማየት ነው» አሉ።

ተረት አያጡም። ምክንያቱን ግን አውቀዋለሁ። በመጀመሪያው ዓመት የመጋዘኑን የኋላ በር ሲጠብቁ በፊተኛው በር ዕቃ ተሰርቆ ወጣ። «አላየሁም» ቢሉ ኃላፊው ሠራተኛው ሁሉ ፊት «አላየሁም የሚል ሓሪስ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ጮኸባቸው። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ ከዚያ ወዲህ ሁሉንም ካላዩ አያርፉም።

«መጋዘኑ ውስጥ ብቻዎን ነዎት» አልኳቸው። «እዚህ ግን ሁለት ናችሁ።»

«የሚመጣው ዓርብ ጀብሪል ዓይኔን ካላየኝ ዳኝነቱን እተወዋለሁ፣ ጌትነት» አሉ።

በሳምንቱ ሦስት ጊዜ ደወሉለት፤ አላነሳም። ረቡዕ ጭነት ሳደርስ በሁለቱ በሮች መካከል ወንበር ላይ ተቀምጠው ፊሽካቸውን በመዳፋቸው ይዘው አገኘኋቸው።

ዓርብ ጀብሪል መጣ። እጁን ሰጣቸው፣ ዓይኑን ግን አልሰጣቸውም። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩ፣ በአንድ ነጥብ የተበለጠው ቡድን አምበል ኡሳማ ከዳር መስመር አጠገብ ወርውሮ አገባ። ቦታው በጀብሪል በኩል ነው። ጀብሪል «ከመወርወሩ በፊት መስመር ረግጧል» ብሎ ነፋ፣ ነጥቡን ሰረዘ። ሰው ሁሉ ተነሥቶ ይጮኻል። እኔ ጋሽ ፍቅረ ማርያምን አየሁ። ቅርጫቱ ሥር የሚገፋፉ ሁለት ግዙፎች ላይ ዓይናቸውን ተክለዋል፤ አንገታቸው ተገትሯል፣ አልዞረም።

ኡሳማ ወደ እሳቸው ሮጠ። «አንተ አይተሃል! ረግጫለሁ?»

«አላየሁም» አሉ በተሰባበረ ዓረብኛቸው።

«ዳኛ ሆነህ እንዴት አታይም?»

«እዚያ ጀብሪል ነበር።»

ጀብሪል ይህን ሰማ። ኳሱን ይዞ ወደ መስመሩ ሄደ፤ ለተጫዋቹ ከመስጠቱ በፊት ቀና ብሎ በሜዳው ማዶ አያቸው። እሳቸውም አዩት። ከሚገባው በላይ ስለቆዩ ተጫዋቹ «ስጠኛ!» ብሎ ጮኸ፤ እኔም ሰዓቴን ማስነሣት ረሳሁ።

የአቡ ሐሊፋው አውቶቡስ ጀብሪልን ይዞት ሄደ። እኔ ጋሽ ፍቅረ ማርያምን ወደ ራይ መለስኳቸው። መጋዘኑ በር ላይ ስንቆም «አየኝ አይደል?» አሉኝ።

«አየዎት።»

በሩ ላይ የሚጠብቅ የጭነት መኪና ጥሩንባውን ነፋ። ሾፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ «ያ ሓሪስ!» አለ። ወርደው ሮጡ። ሌላው ዓርብ እስኪደርስ ገና ሙሉ ሳምንት ነበር።